ያልተፈለፈለ እንቁላል ምን ይነግረናል? በቤት ውስጥ ፍልፈላ ሲበላሽ መንስኤውን ስለመለየት

ዶሮ እንቁላል ታቅፋ በ21ኛው ቀን ጫጩት ማውጣቷን የማያውቅ ሰው የለም። እኛ በዚህ ትምህርት ክፍል ያለን ተማሪዎች ደግሞ ቁጥሩን ጭምር ሸምድደነዋል፤ ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበት ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ማገላበጥ እስከ 18ኛው ቀን፣ ከዚያ በኋላ እርጥበቱን ወደ 65 እና 70 በመቶ ከፍ ማድረግ። ፈተና ላይ ቢመጣ የሚስተው ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው እነዚህን ቁጥሮች እያወቅን፣ መፈልፈያውንም በትክክል ሠራን ብለን እያሰብን፣ እንቁላሉ አልፈለፈል ሲል ምን እናደርጋለን የሚለው ነው። የዚህ ጽሁፍ ዓላማ በራሴ ቤት ከደረሰው ተነስቼ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ዓመት የጥር እረፍት ላይ ቤት ስሄድ እናቴ እቁብ ደርሷት ነበር። "አንተ ስለ ዶሮ ትማራለህ፣ ጫጩት ደግሞ ገበያ ላይ እሳት ሆኗል፤ ታዲያ ለምን ራሳችን አንፈለፍልም?" አለችኝ። እኔም እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ሞተሩ የተቃጠለ ትንሽ ፍሪጅ ነበረን። የፍሪጅ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። ላይኛው ክፍሉ ላይ ሁለት ባለ 40 ዋት አምፖል ሰቀልኩ፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ቴርሞስታት ገጠምኩ፣ ከታች ሁለት ከላይ ሁለት የአየር ቀዳዳ በሳሁ፣ ከስር ውሃ በሳህን አስቀመጥኩ። (አምፖሉ የድሮው ባለ ሽቦ ዓይነት መሆን አለበት። አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ቆጣቢ አምፖል ብርሃን እንጂ ይህ ነው የሚባል ሙቀት የለውም። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳያስብ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያበራና ቴርሞሜትር ሲያይ ከርሟል።) ከዚያ ከቢሾፍቱ 48 እንቁላል በአውቶቡስ መጣልን።

በ12ኛው ቀን እኔ ወደ ግቢ ተመለስኩ። በየቀኑ እየደወልኩ "ስንት ይላል?" ስላት እናቴ "37.8 ይላል፣ አትጨነቅ" ትለኛለች። 21ኛው ቀን ምንም ነገር ሳይታይ አለፈ። በ22ኛው ቀን ማታ አንድ ጫጩት ወጣ። እስከ 24ኛው ቀን ድረስ የወጡት 9 ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም 2ቱ በማግስቱ ሞቱ። ቅዳሜ ቤት ስደርስ እናቴ የቀሩትን 39 እንቁላሎች በማዳበሪያ አድርጋ ጉድጓድ ልትጥል ስትል ነው የደረስኩት። "ተወው ልጄ፣ ዕድሌ ነው" አለች። ዕድል እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እንቁላሎቹን ተቀብያት ጓሮ ሄጄ አንድ በአንድ መስበር ጀመርኩ። ሽታውን ስለምታውቁት አልገልጸውም።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ያልተፈለፈለ እንቁላል ውስጡ ፅንሱ የሞተበት ቀን ተጽፎበታል፤ የሞተበት ቀን ደግሞ ወደ መንስኤው ይመራል። የሰው ልማድ ግን ያልተፈለፈለውን ጥሎ ሌላ እንቁላል መግዛት፣ ወይም "ቴርሞስታቱ የማይረባ ነው" ብሎ ሌላ ቴርሞስታት መግዛት ነው። የእኔን 39 እንቁላሎች ስለያቸው እንዲህ ሆኑ፤ 11 ምንም የሌለባቸው፣ 6 በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱ፣ 3 በመሃል የሞቱ፣ 19 ሙሉ ጫጩት ሆነው ሊወጡ ሲሉ የሞቱ።

ምንም የሌለበት እንቁላል

እንቁላሉ ሲሰበር አስኳልና ነጭ ብቻ ከሆነ ሰው ቶሎ ብሎ "አውራ ያልነካው ነው" ይላል። ሊሆን ይችላል። ሱቅ የሚሸጠው "የፈረንጅ እንቁላል" በአብዛኛው ያለ አውራ ከሚቀለቡ ጣይ ዶሮዎች የሚመጣ ስለሆነ መቶ ቀን ቢታቀፉት አይፈለፈልም። አውራ ያለበት ቤትም ቢሆን ለአንድ አውራ ከ10 የማይበልጡ ሴት ዶሮዎች ሊመደቡ ይገባል። ነገር ግን ምንም የሌለበት የሚመስለው እንቁላል ሁሉ መካን አይደለም። አንዳንዱ ፅንስ ነበረው፤ ገና መፈልፈያ ሳይገባ ወይም በገባ በመጀመሪያው ቀን ስለሞተ ዱካው ጠፍቶ ነው። ከ3 ሳምንት በኋላ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በጨለማ ክፍል በሞባይል ባትሪ ማየትና ባዶ የሚመስለውን ያኔውኑ መስበር ይሻላል። አስኳሉ ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ትንሽና ድፍን ከሆነ አልተዳቀለም፤ ሰፋ ብሎ እንደ ቀለበት ከሆነ ግን ተዳቅሎ ነበር፣ ጥፋቱም ከአውራው ሳይሆን ከአያያዙ ነው።

አያያዝ ስል ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ዕድሜ ነው፤ እንቁላል ከተጣለ ከ7 ቀን በላይ ሲቆይ የመፈልፈል አቅሙ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። የእኛን እንቁላል ያመጣው ሰው "ትኩስ ነው" ብሎ ነበር፤ በኋላ ሲጠየቅ ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ሲያጠራቅም እንደነበር ተናገረ። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ፅንሱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ተኝቶ ይቆያል፤ ለማስቀመጥ ጥሩ የሚባለውም ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ቀን ፀሐይ አግኝቶት ሲሞቅ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ፣ እንደገና አውቶቡስ ሞተር አጠገብ ሲሞቅ የተኛው ፅንስ እየነቃ እየተኛ ይደክማል። ሦስተኛው መናጥ ነው። ከመንገድ የመጣ እንቁላል ሰፊው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ቢያንስ ለ12 ሰዓት ማረፍ አለበት። እኔ ከመቸኮሌ የተነሳ ከአውቶቡስ እንደወረደ ነው ያስገባሁት።

እግረ መንገዴን ስለ እንቁላል ቅርጽ ላንሳ። ሾጣጣው ወንድ፣ ድብልብሉ ሴት ይወጣዋል እየተባለ በየቤቱ ሲመረጥ ሁላችንም አይተናል፤ እናቴም መርጣለች። በወፎች የጫጩቱን ፆታ የሚወስነው የእናቲቱ ዘር ሲሆን ይህም የሚወሰነው ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት ስለሆነ ቅርጹ የሚያውቀው ነገር የለም። ከቅርጽ አንጻር መጣል ያለበት ሰፊውና ሾጣጣው ጫፍ የማይለይበት፣ የተጣመመና የተሰነጠቀ ነው። የቆሸሸውንም ባታስገቡ ይመረጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ደግሞ የባሰ ነው፤ እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ስለሚስብ እድፉን በቀዳዳዎቹ ይዞት ይገባል። የገማ እንቁላል መፈልፈያ ውስጥ ሲፈነዳ ያየ ሰው ይህን ምክር ሁለተኛ መስማት አያስፈልገውም።

የደም ቀለበት

በመጀመሪያው ሳምንት የሞተ ፅንስ በባትሪ ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር በተበተነ የደም ሥር ፋንታ አንድ ቀይ ክብ መስመር ያሳያል። ፅንሱ ሲሞት ደሙ ወደ ዳር ሸሽቶ የሠራው ቀለበት ነው። ጥቂት እንዲህ ያለ እንቁላል በየትኛውም ፍልፈላ ይኖራል። ከበዛ ግን ወይ እንቁላሉ አርጅቷል፣ ወይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀቱ ከልክ በላይ ሆኗል። እንቁላል ከማስገባታችሁ በፊት መፈልፈያውን ባዶውን አንድ ሙሉ ቀን ማብራትና ማየት ያለባችሁ ለዚህ ነው። እንቁላል ካስገባችሁ በኋላ ሙቀቱ ለጥቂት ሰዓታት ዝቅ ማለቱ የግድ ነው፤ እንቁላሉ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱን ይጠጣል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ደንግጦ ቴርሞስታቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሌሊት ላይ እንቁላሉ ሲሞቅ ሳጥኑ 40 ይገባል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ 6ቱን የገደልኳቸው በዚያ ሌሊት ይመስለኛል።

በመሃል፣ ማለትም በ2ኛው ሳምንት የሚሞት ፅንስ ጥቂት ነው። 3 ብቻ ስለሆኑ ብዙ አላስጨነቁኝም። በርከት ቢሉ ኖሮ የመጀመሪያ ጥርጣሬ መሆን ያለበት የእናት ዶሮዋ መኖ ነው፤ ቫይታሚን ያነሰው መኖ የበላች ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ፅንሱን እስከ መጨረሻ አያደርሰውም።

ሊወጡ ሲሉ የሞቱት

ልብ የሚሰብሩት እነዚህ 19ኙ ናቸው። ላባቸው የበቀለ፣ ምንቃራቸው የተሟላ፣ ያለቀላቸው ጫጩቶች። አይቼ "በቃ አንድ ቀን ነው የጎደላቸው" አልኩ። ለካስ አባባሌ ትክክል ነበር።

ጫጩት እስከ 19ኛው ቀን ገደማ በሳንባው አይተነፍስም። በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል በተዘረጋ የደም ሥር መረብ አማካይነት ኦክስጅን ከቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በሰፊው ጫፍ ያለውን የአየር ኪስ በምንቃሩ ወግቶ የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ከዚያ ይስባል፤ ቀጥሎ ቅርፊቱን ይነቁራል። ከነቆረ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዝም ብሎ የተኛ ቢመስልም ሥራ ላይ ነው፤ የቀረው አስኳል ወደ ሆዱ እየገባ፣ በሽፋኑ ውስጥ የነበረው ደም ወደ አካሉ እየተመለሰ ነው። "ልርዳው" ብለው ቅርፊቱን ቀድመው የሚልጡ ሰዎች የሚያደሙት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በዚህች የመጨረሻ ሰዓት አራት ነገር ሊያጠፋው ይችላል፤ አየር ማነስ፣ እርጥበት መብዛት ወይም ማነስ፣ ሙቀት መዛባት፣ ጭንቅላቱ በተሳሳተ ጫፍ መሆን። የሞቱበት ቀን አንድ ስለሆነ ለመለየት የአየር ኪሱንና ገላውን ማየት ያስፈልጋል። ከ19ኙ በ14ቱ የአየር ኪሱ ትንሽ ነበር፣ ጫጩቱ ያበጠና ውሃ የተሞላ፣ አስኳሉም ገና ከሆዱ ውጭ። በ3ቱ ጭንቅላቱ ሾጣጣው ጫፍ ላይ ነበር፤ አየር በሌለበት በኩል ማለት ነው። የቀሩት 2ቱ ቅርፊቱን ነቁረው ሽፋኑ ደርቆ እንደ ወረቀት ተጣብቆባቸው ነበር።

ከቀላሉ ልጀምር። 3ቱ የተገለበጡት እኔ እንቁላሎቹን ስደረድር አንዳንዶቹን ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ላይ ስላደረግሁ ነው። ወይ በጎን ይተኛሉ፣ ወይ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል፤ ሌላ አማራጭ የለም። የደረቀባቸው 2ቱ ጉዳይ ደግሞ ሲጣራ እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው ጫጩት ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ፣ እናቴም በደስታ በሩን ለሁሉም ከፈተች። በር በተከፈተ ቁጥር እርጥበቱ ይወጣል፣ የተነቆረውም እንቁላል ሽፋኑ ይደርቃል። ከ18ኛው ቀን በኋላ በር አይከፈትም የሚባለው ደንብ ለጎረቤትም ይሠራል። የወጡት ጫጩቶች ይራባሉ ብላችሁም አትክፈቱ፤ ወደ ሆዳቸው የገባው አስኳል እስከ ሁለት ቀን ያቆያቸዋል።

14ቱ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። ያበጠ ጫጩትና ትንሽ የአየር ኪስ ማለት እንቁላሉ መትነን ያለበትን ያህል ውሃ አልተነነም ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ጥር ላይ፣ በዚያ ደረቅ ብርድ፣ እርጥበት እንዴት ይበዛል? እናቴን "በማታ ምን ታደርጊ ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት። ምንም አልደበቀችም። ውርጭ በሆነበት ሌሊት አምፖሎቹ ሳያቋርጡ ሲበሩ አይታ፣ ብርድ የሚገባው በቀዳዳዎቹ ነው ብላ አራቱንም በጨርቅ ወትፋቸዋለች፤ ጠዋትም አልነቀለችውም። በዚያ ላይ ውሃው እንዳያልቅ ብላ ሳህኑን በትልቅ ሳፋ ለውጣዋለች። ሁሉም ለጫጩቶቹ ከማዘን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ለምን እንደተበሱ አልነገርኳትም።

ነገሩን ያከበደው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአየሩ ያለው ኦክስጅን ባህር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። መማሪያ መጽሐፎቻችን አብዛኞቹ የተጻፉት ዝቅተኛ ቦታ ላሉ መፈልፈያዎች ነው። ለእኛ ደጋ ላለነው ቀዳዳ መድፈን ማለት ከጎደለው ላይ መቀነስ ነው፤ ፅንሱ ኦክስጅን በብዛት የሚፈልገውም ልክ በእነዚያ በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው።

ቴርሞሜትሩ እውነት ይናገር ነበር፤ ግን ስለ ሌላ ቦታ

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ጫጩቶቹ በ22ኛውና በ24ኛው ቀን መካከል የወጡት፣ ሆዳቸውም ትልቅና ልል የነበረው ለምንድን ነው? መዘግየት የሙቀት ማነስ ምልክት ነው። ሙቀት ሲበዛ በተቃራኒው ከ21ኛው ቀን ቀድመው፣ ትንንሽ ሆነው፣ እምብርታቸው ሳይዘጋ ይወጣሉ። የእኛ ቴርሞሜትር ግን ሁልጊዜ 37.8 ነው የሚለው።

ቴርሞሜትሩን አውርጄ እንቁላሎቹ የነበሩበት ደረጃ ላይ ሳስቀምጠው 36.2 አለ። እኔ የሰቀልኩት ከላይ፣ አምፖሎቹ አጠገብ ነው፤ ለማንበብ ስለሚመች። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ፋን በሌለው ሳጥን ውስጥ በላይና በታች መካከል ብዙ ልዩነት አለ። በዚያ ላይ 37.5 የሚባለው ቁጥር አየሩን የሚያማታ ፋን ላለው መፈልፈያ ነው። ፋን የሌለው ከሆነ በእንቁላሎቹ አናት ልክ ሲለካ ከ38.3 እስከ 38.9 መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የእንቁላሉ የታችኛው ክፍል ከአናቱ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ይህን ልዩነት ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። እኔ ግን የያዝኩት ቁጥሩን እንጂ ቁጥሩ የየትኛው እንደሆነ አልነበረም።

ቴርሞሜትሩ ራሱ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ አንዳንዶች በፈላ ውሃ ይፈትሹታል። ደጋ ላይ ይህን አታድርጉ። ደብረ ብርሃን ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ደህናውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። ቀላሉ ዘዴ ከፋርማሲ የሚገዛውን የትኩሳት መለኪያ መጠቀም ነው። እሱ የተሠራው ለዚሁ ለ37 እና ለ38 አካባቢ ስለሆነ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ነክሮ ልዩነቱን መጻፍ ነው። ሌላው ጥሩ ዘዴ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ውሃ በሞላች ትንሽ ላስቲክ ውስጥ አስሮ ከእንቁላሎቹ መሃል ማስተኛት ነው። ይህ በር በተከፈተ ቁጥር የሚዋዥቀውን አየር ሳይሆን እንቁላሉ የሚሰማውን ያሳያል። በግብፅ ከጥንት ጀምሮ በጭቃ በተሠሩ ምድጃዎች በሺህ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ይፈለፈሉ ነበር። ባለሙያዎቹም ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው እንቁላሉን ዓይን ሽፋናቸው ላይ አስጠግተው ሙቀቱን ይለዩ ነበር። ፈረንሳዊው ሬኦሚር በ1749 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሠራሽ ፍልፈላ መጽሐፍ እስከመጻፍ ያደረሰው የእነሱ ሙያ ነው። እነሱ የሚለኩት እንቁላሉን ነው፤ እኔ የለካሁት አምፖሉን።

ሁለተኛው ዙር፣ ሚዛንና የመብራት ነገር

ለሁለተኛው ዙር አውራ ካላቸው ጎረቤቶች 30 የሐበሻ እንቁላል ሰበሰብን፤ ሁሉም ከ5 ቀን ያልበለጡ። ቀዳዳዎቹ ክፍት እንዲሆኑ፣ ቴርሞሜትሩም ከእንቁላሎቹ አናት ልክ 38.5 እንዲል ተደረገ። እርጥበት መለኪያ ለመግዛት አስቤ ነበር፤ ዋጋውን ስሰማ ተውኩት። አሁን ሳስበው ባልገዛ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሚዛን የተሻለ ይናገራል። እንቁላል ሲታቀፍ እስከ 18ኛው ቀን ከመጀመሪያ ክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ በትነት ማጣት አለበት። 10 እንቁላል ላይ ምልክት አድርጋችሁ በኩሽና ሚዛን አንድ ላይ መመዘን ብቻ ነው። የእኛዎቹ 10 እንቁላሎች 440 ግራም ነበሩ። በ12 በመቶ ሲሰላ በ18 ቀን 53 ግራም፣ በ7 ቀን ደግሞ 20 ግራም ገደማ ማጣት ነበረባቸው። በ7ኛው ቀን ስንመዝን 29 ግራም ጠፍቷል። አሁን ደግሞ ችግሩ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሲከፈት ደረቁ የደጋ አየር እንቁላሉን ማድረቅ ጀምሯል። በስስ አየር ውስጥ ውሃ ከቅርፊቱ የሚወጣው ከቆላው በፍጥነት ነው። ሁለተኛ ሳህን ጨምረን እርጥብ ጨርቅ ዘረጋንበት። ለእርጥበት ዋናው የሳህኑ ጥልቀት ሳይሆን ስፋቱ ነው። በ18ኛው ቀን ያጡት በጠቅላላ 58 ግራም፣ ማለትም 13 በመቶ ሆነ። የመጀመሪያው ዙር ላይ እንዲህ መዝነን ቢሆን ኖሮ ችግሩን በ7ኛው ቀን እናውቀው ነበር፤ በ24ኛው ቀን ሳይሆን።

ማገላበጡን እናቴ ያዘች። እንቁላሉ ላይ በእርሳስ በአንድ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ ምልክት አድርገን በቀን 3 ጊዜ ይገለበጣል። 3 የሆነው ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ረጅሙን ሌሊት በአንዱ ጎን ካደረ በማግስቱ በሌላው ያድራል። ካልተገላበጠ ፅንሱ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል።

በ10ኛው ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ። ግቢ ሆኜ ስልክ ሲደወልልኝ እኔ ራሴ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት ባልቴት ግን እናቴን "ምነው፣ ዶሮዋ ራሷ በየቀኑ ለመብላት ትነሳ የለም እንዴ?" አሏት። ልክ ናቸው። ፅንስን ቅዝቃዜ ያዘገየዋል እንጂ ቶሎ አይገድለውም፤ ቶሎ የሚገድለው ሙቀት ነው። 32 ዲግሪ ላይ ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት መቆየት እድገቱን ከማዘግየት ብዙም አያልፍም፤ 40.5 ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ብቻ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። እናቴ ሁለት ሃይላንድ የሞቀ ውሃ ሞልታ በጨርቅ ጠቅልላ ከእንቁላሎቹ ሥር አስገባች፣ ፍሪጁን በጋቢ ሸፈነች፣ ቀዳዳዎቹን ግን አልነካችም። በየሁለት ሰዓቱ ውሃውን እየለወጠች መብራቱ ከ6 ሰዓት በኋላ መጣ። ከሰል አቀጣጥሎ አጠገቡ ማድረግ ያማረው ካለ ይቅርበት፤ ጭሱ ፅንሱንም ሰውንም ይገድላል።

በ7ኛው ቀን በባትሪ ስናይ 4ቱ ባዶ፣ 1ዱ የደም ቀለበት ስለነበራቸው ወጥተዋል። ከቀሩት 25 ውስጥ 21 ጫጩት በ21ኛውና በ22ኛው ቀን ወጣ። 4ቱን ያልተፈለፈሉትን ስመጣ እንድሰብራቸው እናቴ ሳትጥል አቆየችልኝ፤ 1 የገማ፣ 1 በመሃል የሞተ፣ 2 በመጨረሻ የሞቱ። ጫጩቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋቸው ስለነበር ያው ፍሪጅ በሩ ገርበብ ተደርጎ ማሳደጊያ ሆነ፤ የፈንግል ክትባትም ቶሎ ተሰጣቸው። ሲሸጡ የእቁቡ ብር ሁሉ ባይመለስም የሁለቱ ዙር እንቁላል ዋጋ ተመልሷል።

ለቀጣዩ ዙር ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ትንሽ ፋን አግኝቻለሁ። ፋኑ ከገባ በላይና በታች ያለው ልዩነት ስለሚጠፋ ቴርሞስታቱን ከ38.5 ወደ 37.5 ማውረድ ያስፈልጋል። ፋን አየሩን ስለሚያንቀሳቅስ ትነቱም ስለሚጨምር፣ 10ሩን እንቁላል በ7ኛው ቀን ሳይሆን በ4ኛው ቀን እንድትመዝን ለእናቴ ደብተሯ ላይ ጽፌላታለሁ።